ጫማ ያስያዝኩበት የቡታጅራ ቤት

ወዳጄ ዘርጋው፣ እንዴት ከረምክ?

የልጅ ልጄ ሐና የወለደቻትን ሕፃን ለማየት ቡታጅራ ስመጣ የመነጽሬ ብሎን ሚኒባስ ውስጥ ወልቆ ጠፋ። ልጅቷን ሳቅፋት ፊቷ ጭጋግ ሆነብኝና ሳላያት ልመለስ ነው ብዬ ሰጋሁ። ደግነቱ እዚህ ሰፈርተኛው መሣሪያውን አዋጥቶ የሚዋዋስበት ቤት አለ። ኃላፊዋ ሳሌሃ ከአሮጌ መነጽር የተረፈ ብሎን ሰጠችኝ። መፍቻውን ግን፣ «አባባ፣ አንድ እግር ጫማዎን አስይዘው ይውሰዱ፤ እንደዚያ ሆነው ሩቅ አይሄዱም» አለችኝ። አንተም መዶሻዬን ስትወስድ ጫማህን ባስይዝህ ኖሮ ይኼኔ ወልቂጤ ቤቴ ባለመዶሻ ነበርኩ። እያነከስኩ ሐና ቤት ገብቼ መነጽሬን ጠገንኩት፤ ተመስገን።

የምጽፍበት ፖስትካርድ ሞላብኝ። ባለቤትህን አበበችን ሳምልኝ፤ ልጅቷን አይቷታል በላት። ጆሮዋ ቁርጥ የእኔ ነው፣ ምስኪን።

ሳህሌ