በሁለቱ መስመሮች መሀል

እህት ዓለም፣ ካርዱ ላይ ያለውን ሐይቅ እኔም ያየሁት እዚሁ ካርድ ላይ ነው፤ ለስብሰባ ከመጣን ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ተዘግቶብናል። በንዴት ስለምጽፍ ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ዛሬ የስብሰባው መሪ ያንን የአምናውን የኩፍኝ ግምቴን ግድግዳው ላይ አበራው። ክትባት ካልተሰጠ ስንት ሕፃን እንደሚታመም ያሰላሁበት ቀይ መስመር ሽቅብ ወጥቷል፤ በእውን የታመሙት ልጆች መስመር ደግሞ ከሥር ተኝቷል። "ጠንቋያችን በከንቱ ስታስፈራራን ከረመች፤ ታዲያ ዘንድሮ ክትባት መግዛት ለምን ያስፈልጋል?" አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኛ ጋ ቢሆን አለቃችን ፊት ለፊት ይሰድበኝና እኔም መልሼ ይወጣልኝ ነበር። ይሄኛው ፈገግ እያለ ውሃ ቀዳልኝ።

ተነስቼ "ካልተሰጠ ነው ያልኩት፤ ተሰጥቷል እኮ" ብል፣ ሰዓት አልቋል ተባልኩ። አንቺ የክትባቱን ሳጥን ትከሻሽ ላይ አንግተሽ፣ በዚያ ጭቃ ቤት ለቤት ስታንኳኪ የከረምሽውን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ሌባ ስላልገባ ውሻው ይሸጥ ማለት እኮ ነው። ነገ መናገሪያውን ከእጁ ነጥቄም ቢሆን ይቺን ሳልነግራቸው አልመለስም።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሰላም በይልኝ፤ መድኃኒታቸውን እንዳይረሱ። ትንሿ ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ይታመማሉ ብዬ ከተሳሳትኩባቸው ልጆች አንዷ እሷ ናት።