ሥራችን አገር ሲቀይር

ጥቅምት 4
እንደ ወትሮው ገባሁ። የድምፅ ባለሙያ ሥራዬ ያው ነው፤ የተከታታዩን ድራማ ንግግር ከጫጫታ ማጽዳት። መሪ ተዋናዩ «እወድሻለሁ» ሲል ከበስተጀርባው ጄኔሬተር ይጮኻል። ጄኔሬተሩን አጠፋሁለት። ፍቅሩን ግን... እሱን ምን ላድርገው?

ጥቅምት 9
ስብሰባ። ሥራ አስኪያጃችንን «ስላይድ» ነው የምንለው፤ ያለ ስላይድ ደህና አደራችሁም አይወጣውም። ዛሬ የዓለም ካርታ ይዞ መጣ። «ዘርፋችን በዓለም ዙሪያ እያደገ ነው» አለ። እያደገ? ታዲያ የካርታው ቀስቶች ሁሉ ከእኛ ወንበር ተነስተው ባሕር ማዶ የሚሄዱት ለምንድነው? እዚያ መንግሥታቸው ለፊልም ሠሪ ግብር ይመልሳል አሉ። ስለዚህ የድምፅና የቀለም ሥራችን ወደዚያ። «ትልቅ ዕድል ነው!» ለማን? አጠገቤ የተቀመጠው፣ የምስሉን ቀለም የሚያስተካክለው የቀለም ባለሙያ «ለቀስቱ» አለኝ በሹክሹክታ። ሳቄን አፍኜ ልሞት።

ጥቅምት 10
ስላይድ ቢሮው ጠራኝ። ባሕር ማዶ ሆና የምትተካኝን ልጅ በቪዲዮ ላሠለጥን ነው። «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ።» ቤተሰብ እንዲህ ከሆነስ ጉዲፈቻ ይሻለኛል።
ወንድም ጋሼ ደውሎ «ጥለሽላቸው ውጪ!» አለ። እሱ ምን አለበት፣ የጥርስ ሐኪም ነው። ጥርስ ተጠቅልሎ ባሕር ማዶ አይላክም። እኔ ግን ብቻዬን የማሳድጋት ልጅ አለችኝ። ለስላይድ እሺ አልኩት።

ጥቅምት 17
«ልጅቷ» እኩያዬ ሆና አረፈችው። ቋንቋችንን አንድ ቃል አታውቅም። ንግግራችንን የምታጸዳው እሷ! በእንግሊዝኛ እንግባባለን፤ የእኔ የተሰበረ፣ የእሷ የደቀቀ። የሙያውን ዋና ምስጢር ግን ደበቅኳት። ራሷ ታግኘው።

ጥቅምት 23
አገኘችው። «ተዋናይቷ ለባሏ መልስ ከመስጠቷ በፊት የተነፈሰችውን ለምን ሳትቆርጪ ተውሽው? ልትዋሸው ነው?» አለችኝ። ልትዋሸው ነበር። ቃሉን ሳታውቅ ትንፋሹን ሰማችው። ተናደድኩ... በማን?

ኅዳር 2
ዛሬ ስለ ኑሮ አወራን። ሥራ እየተከተለች ሦስት አገር ቀይራለች። ልጇን ያሳደገችላት እህቷ ናት። «እዚህም በእኛ ቦታ የሚሠራ ማሽን እየሞከሩብን ነው። ሌላ አገር ደግሞ የበለጠ ግብር እመልሳለሁ ብሏል» አለች። እኔ ደግሞ ጉሮሮዬን የዘጋችው እሷ መስላኝ! የደበቅኩትን ሁሉ አሳየኋት።

ኅዳር 14
የእኔና የቀለም ባለሙያው የመጨረሻ ቀን። ኬክ ተቆረሰ። ስላይድ ፎቶ እንነሳ አለ። የቀለም ባለሙያው «እኔን ጥቁርና ነጭ አድርጉኝ» ብሎ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ።

ኅዳር 27
ስላይድ ደወለ፤ ድምፁ ቅቤ። ያሠለጠንኳት ሴትዮ «ቋንቋውን የምታውቀው ባለሙያ አብራኝ ካልሠራች አልነካውም» ብላ ሥራ አቁማለች። አለቆቿ እናባርርሻለን ብለው ዝተው ነበር። ድራማውን የሚያሳየው ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲያጣድፋቸው ግን እሺ አሉ። በውል፣ ከቤቴ ሆኜ እሠራለሁ። የቀለም ባለሙያውን ግን ማንም አልጠየቀም...
ደወልኩላት።
«ምን ነካሽ? ቢያባርሩሽስ?»
«ካንቺ ቀጥሎ ተረኛዋ እኔ ነኝ» አለች። «ብቻዬን ተራ መጠበቅ ሰለቸኝ።»
ወንበሬን ወደ ኮምፒውተሬ ሳብኩ፤ አዲሱ የድራማ ክፍል ስክሪኑ ላይ ይጠብቀኛል።    
«በይ፣ ክፈችው» አለችኝ።