ቅርጫቱ ጾም ስለ መፍታቱ

ለውድ እህቴ ለእታለም ስርጉት፣

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ከባድ ጉዳይ በአክብሮት አስታውቃለሁ፦ የሱቃችን ቅርጫት ከእንግዲህ እንዳይጾም በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ድምፅ የሰጠነው እኔና ካሰች ብቻ ነን፤ ቢሆንም ሙሉ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ እንደምን ከርመሻል? የአሶሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ያ ራስ ምታትሽስ ለቀቀሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። እምዬም ከጉልበቷ በቀር ሁሉ ነገሯ ጤነኛ ነው፤ ምላሷ በተለይ።

ነገሩን በስልክ ብጀምረው ስቀሽ ታቋርጪኛለሽ ብዬ በወረቀት ጻፍኩት። ካሰች ከኩዌት ተመልሳ የከፈተችው ሱቅ በኢንተርኔት እንደሚሸጥ፣ ኮዱንም የምጽፈው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ደንበኛው የሚገዛውን የሚሰበስብበትን ገጽ ቅርጫት እንለዋለን። እኔም መንፈሳዊ ሆኜ፣ በጾም ቀን ቅቤና እንቁላል ከቅርጫቱ የሚያወጣ ኮድ ጻፍኩ። ቀጥሎ ለማይጾሙ ደንበኞች መልሶ የሚከት ጨመርኩ። ቀጥሎ ረቡዕና ዓርብን የሚጠብቅ ሌላ። ሁሉም እዚያው አንድ ቅርጫት ውስጥ እጁን ይሰዳል፤ አንዱ የከተተውን ሌላው ያወጣል። ማን ምን እንዳወጣ እኔ ራሴ ጠፋኝ።

ለእምዬ የፋሲካ ቅቤ ያዘዝሽ ዕለት ጉዴ ወጣ። ሽንኩርት ስትጨምሪ ቅቤው ጠፋ። ላሟ ነጥፋለች፤ ያንቺ ቅቤ ካልደረሰ እምዬ የዓመቱን ዶሮ በደረቁ ልትሠራ ነው። ያኔ ደውለሽ፣ «አንተ ዋልልኝ! ቅቤው የሚበላው ዛሬ ነው እንዴ? ለፋሲካ ነው ያልኩህ!» ብለሽ ጆሮዬን አደነቆርሽው። ካሰችም ከጎኔ ሆና፣ «ራሱ ሳይጾም ቅርጫት ያስጾማል» አለች።

እግዜር ይስጥሽ፣ እታለም፣ ያ ጩኸትሽ ነው ያዳነን። ኮዴ «ዛሬ ጾም ነው ወይ?» እያለ የኮምፒውተሩን ሰዓት ይጠይቃል እንጂ፣ ዕቃው የሚደርስበትን ቀን አይጠይቅም ነበር። ሁሉንም አፍርሼ ፈንክሽናል በሚባለው ዓይነት የኮድ ቋንቋ እንደገና ጻፍኩት። በዚያ ቋንቋ አንዴ የተሠራ ቅርጫት አይነካም፤ ሽንኩርት ስትጨምሪ አሮጌው እንዳለ ሆኖ አዲስ ይሠራልሻል። ጾሙን የሚያይ አንድ አጭር መስመር ብቻ ቀረ፤ ቅርጫቱንና የመድረሻውን ቀን ትሰጪዋለሽ፣ ያ ቀን ጾም መሆን አለመሆኑን ይነግርሻል እንጂ ከቅርጫቱ ምንም አያወጣም፣ አበቃ። ካሰች አይታ፣ «ይኼ ብቻ? ለዚህ ነው ደመወዝ የምከፍልህ?» አለችኝ። አጭር ኮድ ክብር የለውም።

ቅቤሽን ለቅዳሜ ስዑር እኔው ተሸክሜ ጋፋት እምዬ ቤት አደረስኩ። እምዬ ጠጋ ብላ አሽትታ፣ «የሐሙሲት ቅቤ ነው፤ ሽታው ይናገራል» አለች፤ ከዚያ ምርቃቱን አወረደችልሽ። ዶሮው ተሠራ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ቅቤው ተበልቶ አልቋል። እናመሰግናለን፤ ለቅቤውም ለቁጣውም።

ለጋሽ አምላኩ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። የዓለሚቱን ጉንጮች ሁለቱንም ሳሚልኝ። አጎታችን ገሰሰ ሰላም ብለውሻል፤ ካሰችም እንደዚሁ፣ ሌላም ነገር ግዢ ብላለች።

ወንድምሽ ዋልልኝ
ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ማረሚያ፦ ከላይ «ቅቤው ተበልቶ አልቋል» የተባለው፣ እንዳልነግርሽ ከእምዬ በተሰጠኝ ጥብቅ ትእዛዝ መሠረት የተጻፈ ነው። «ግማሹ ተነጥሮ በቅቤ ቅል ተከድኗል፤ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ስርጉት እስክትመጣ አይከፈትም» ተብሎ ይነበብ።