በሞቴ የማትል ተማሪ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም አስካለ ማርያም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? አባባስ እንዴት ናቸው፣ ዐይናቸው አሁንም ሰው ይለያል? ጋሼ ጥበቡስ፣ ልጆቹስ? የትንሣኤን በዓል በሰላም ዋላችሁ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደኅና ነኝ ማለት ግን አሁን አሁን ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

"አባባ ዐይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ መጥተሽ ይዩሽ" ያልሽኝን እንዳነበብኩ በዚህ ክረምት ፈቃድ ለመጠየቅ ቆርጬ ነበር። አሠሪዬ ማዳም ጥሩ ፊት የምታሳይበትን ቀን ስጠብቅ ትልቋ ልጇ ሄሳ ቀደመችኝ። ሄሳ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ትማራለች፤ ስትመረቅ የተቸገረ ሰው የምትረዳ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ልትሆን ነው። አስተማሪዋ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት አነጋግራችሁ ጻፉ ብትላቸው እኔን መረጠች።

ኩሽና መጥታ፣ በገዛ እጇ ሻይ ቀድታልኝ ከፊቴ ቁጭ አለች። ስንት ዘመን ሻይ ያቀረብኩላት ልጅ! ብድግ ስል ተቀመጪ አለችኝ። ከዚያ ምን እንደሚጎድለኝና አገሬ መሄድ እፈልግ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ መቼም ታውቂኛለሽ፣ ይሉኝታ ያዘኝ። ሻይዋን ይዤ እንዴት ጎደለኝ ልበላት? "ምንም አይጎድለኝም፣ አልሐምዱሊላህ፣ እዚሁ ተስማምቶኛል" አልኳት። ሰው ቤት ምሳ ሲቀርብልኝ በልቻለሁ እንደምለው መሆኑ ነው። የእኛ ሰው ቢሆን "ኧረ በሞቴ" ብሎ ደግሞ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም ያኔ እናገር ነበር። ሄሳ ግን ያልኳትን አምና ጻፈችና አመስግናኝ ወጣች። ጎረቤት ቤት ለምትሠራው ለለምለም ስነግራት "በሞቴ እስክትልሽ ስትጠብቂ ልታረጂ ነው" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ባለፈው ሳምንት ማዳም ጠርታ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ቤተሰቡ ወደ ቤሩት እንደሚሄድ፣ እኔም ትንንሾቹን ይዤ እንደምከተል ነገረችኝ። ስለ አባቴ ስጀምር ተገርማ አየችኝ። "አገሬ መሄድ አልፈልግም ብለሽ ለሄሳ ነግረሻት የለ? ኸላስ፣ አለቀ፤ የቤሩት ቪዛሽ ወጥቷል" አለችኝ። ዋሾ እንዳልባል ፈርቼ "እሺ ማዳም" ብዬ ወጣሁ። እታለም፣ በአንዲት ብርጭቆ ሻይ የአባባን ዐይን የሸጥኩት መሰለኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ጸሎት ለማድረግ እንኳ ፊቴን ማቅናት አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ስተኩስ ሄሳ እየሳቀች መጣች። በጽሑፏ ጥሩ ውጤት አግኝታ ሽቶ ገዝታልኛለች። እጄን ልዘረጋ ብዬ ተውኩት። ማንም በሞቴ ሳይለኝ፣ "ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። አባቴ ዐይናቸው ሳይጠፋ ሊያዩኝ ይፈልጋሉ፤ እኔም ልሄድ እፈልጋለሁ" አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ያኔ ለምን እንዳልነገርኳት ስትጠይቀኝ "ሻይ ስለቀዳሽልኝ" አልኳት። የገባት አይመስለኝም። ለእናቴ እነግራታለሁ፣ ኢንሻአላህ ብላ ሽቶውን የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ትታ ሄደች። እስካሁን ማዳም አልጠራችኝም። ተቆጥታ ታባርረኝ ይሆናል፤ ወይ ትለቀኝ ይሆናል።

ጋሼ ጥበቡን ሰላም በይልኝ። እየሩሳሌምንና ፋሲልን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ትመጣለች ብለሽ ግን ተስፋ እንዳትሰጫቸው። ልጅዎ አፍ አውጥታ ጠየቀች በያቸው።

እህትሽ ረድኤት
ዐይን ኻሊድ፣ ዶሃ
ሚያዝያ 26 ቀን 1990 ዓ.ም.