ፈተናዬ መሀል ለገባው ወንድሜ

ጋሽዬ፣
ከሃይስኩሉ ጎን የኮሌጅ ኮርስም በኦንላይን ትወስዳለች ብሎ የሃይስኩል ደወል አይጠብቀኝም፤ ሄጃለሁ።

ትናንት የኮሌጁን ፈተና እየወሰድኩ ቻርጀር ፍለጋ ገብተህ፣ ከኋላዬ ስክሪኑን አጮልቀህ አይተህ «መልሱ ሁለተኛው ነው!» አልክ። በካሜራ የሚከታተለኝ ሲስተም «ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ» ብሎ ፈተናውን ዘጋብኝ። የሦስት ወር ልፋቴን ውሃ በላው። በሩ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ጌጥ መሰለህ?

አራት ሰዓት ላይ የኮሌጁ መምህር ለማጣራት አንተ ጋ ይደውላል። የሆነውን ሳትቀባባ ንገረው። ቀልድ እንዳትጀምር!

በንዴት «ኮሌጅ ያቋረጠ ደግሞ አስተማሪ ሊሆነኝ!» ያልኩህን ግን...
ተወው።

ቻርጀርህ ለካ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ አልጋህ ላይ አለልህ።

ይበልጥ ያበገነኝ ደግሞ፣ ደብተሬን ገልጬ ሳይ መልሱ ሁለተኛው ነው።
እኔ ሦስተኛውን ልነካ ነበር።