ስንጥቁ ላይ የለጠፍነው መስታወት

ውድ እህቴ፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ልብ በይልኝ፤ የወላጆቻችን ቤት ግድግዳ አልተንቀሳቀሰም። መስታወቶቹን የሰበራቸው የሰው እጅ ነው።

ይህን ለምን እንዳስቀደምኩ እንድትረጂ ሥራችንን ላስረዳሽ። ማኅበራችን የከተማዋን አሮጌ ቤቶች ከመፍረስ የሚጠብቀው በጉልበት አይደለም፤ በትዕግሥት ነው። የተሰነጠቀ ግድግዳ ስናገኝ ስንጥቁ ላይ ቀጭን መስታወት አጋድመን ሁለቱን ጫፍ በጀሶ እንለጥፋለን። ግድግዳው የፀጉር ያህል እንኳ ቢላወስ መስታወቱ ይሰበራል። ያን ጊዜ ቤቱ ለሰው ያሰጋል ተብሎ ከጥበቃ ይወጣል፤ ባለቤቱም አፍርሶ ቦታውን መሸጥ ይችላል። በአንቺ ስም ባለው ቤታችን ሦስት ለጥፈን ነበር፤ ሳሎን፣ ኮሪደሩ ላይ እና በእናታችን መኝታ ቤት።

ባለፈው ሳምንት ለወትሮው ቁጥጥር ስንገባ የሳሎኑና የኮሪደሩ ተሰብረው አገኘናቸው። ሊቀመንበራችን፣ ያ ባለመድኃኒት ቤቱ፣ ገና ከደጃፉ «በቃ፣ ይሄ ቤት አለቀለት» አለ። በቅጡ ያየ እንኳ አልመሰለኝም። ግንበኛችን ደግሞ እንደ ልማዱ ቀለደ።

«ጋሽ መምህር፣ ይሄ ምን ያስደንቃል? እኔም ወገቤ ላይ መስታወት ቢለጠፍልኝ ከአልጋ ሳልነሳ ይሰበር ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ሳይንስ አስተምሬ እንዲህ ያለው ነገር አያልፈኝም። ግድግዳ ሲንቀሳቀስ መስታወቱ የስንጥቁን መስመር ተከትሎ ለሁለት ይከፈላል። እነዚህ ግን መሐላቸው ላይ ተመትተው እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቀዋል። እዚያው ለሁሉም ነገርኳቸው። ሳቁ ቆመ።

ያን ቀን ማንንም አላመንኩም። ሊቀመንበሩን ጠረጠርኩ፤ መድኃኒት ቤቱ ከግቢያችን ጋር በአጥር ይዋሰናል፣ ማስፋት እንደሚመኝም አውቃለሁ። ግንበኛውንም ጠረጠርኩ፤ ቤቱ ይፍረስ ቢባል ሥራውን የሚረከበው እሱ ነውና። ብቻውን አግኝቼ ስጠይቀው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እኔ ቤት ላፍርስ ብዬ በመስታወት እጀምራለሁ? መዶሻዬን ምን በላው? ደግሞስ በየት በኩል እገባለሁ? ቁልፉ ያለው እርስዎ ጋ!»

እውነቱን ነው። በሩ አልተነካም፤ መስኮቶቹም እንደተቀረቀሩ ናቸው። በማግስቱ ሊቀመንበሩ ያንኑ ነገር በለሰለሰ ድምፅ አነሣው። «መምህር፣ ሌላ ቁልፍ አለ እንዴ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።» እንዲያው ለማወቅ ያህል! ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል።

ስለዚህ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። በእናታችን ክፍል ያለው ስንጥቅ ከሦስቱም ሰፊው ነው፤ ጣት ያስገባል። ቤቱን ማስፈረስ የፈለገ ሰው አስቀድሞ መምታት የነበረበት ይህንን ነበር። መስታወቱ ግን ጭረት እንኳ የለበትም። አልጋዋን ያለበሰው አቧራ ደግሞ በአንድ በኩል ተነካክቷል፤ ሰው ተቀምጦበታል። ከግርጌ በኩል፣ ስትታመም አንቺ ትቀመጪበት በነበረው ቦታ።

ቆሜ አሰብኩ። ቦታ የሚመኝ ነጋዴ በሟች አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ አይተክዝም። ሥራ የሚፈልግ ግንበኛም እዚያ ሲደርስ እጁ አይዝልም። በዚያ ክፍል ውስጥ ዕቃ መስበር የማይችሉ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ቁልፍ ያለው አንቺ ጋ ነው።

በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ጋሼ፣ ለእናንተ ቅርስ ነው፤ ለእኔ እግር ብረት ነው። አልኖርበት፣ አልሸጠው፣ መስኮት ልቀይር ብል እንኳ ማኅበር ላስፈቅድ!» አልሽኝ። «ቤቱ እንዲጠበቅ ለማኅበሩ ፈርመሻል እኮ» ብልሽ፣ «ስፈርም አንተን እንጂ ወረቀቱን መቼ አየሁ!» አልሽ።

እህቴን መጠርጠሬ ያሳፍረኛል። የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፤ አንቺ ከሆንሽ፣ እዚህ ድረስ መጥተሽ ደጄን ሳትረግጪ መመለስሽ። ባለቤቴ ያንቺን አልጋ እስከ ዛሬ እንዳነጠፈችው ነው።

ቅዳሜ ማኅበሩ ይሰበሰባል። ቁልፍ ያለው ማን ጋ ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ሁሉም ወደ እኔ ያያል። ስምሽን አላነሣም። ግን የማላውቀውን ነገር በጫንቃዬ መሸከም አልችልም። አንቺ ከሆንሽ ንገሪኝ፤ ቤቱ ከጥበቃ እንዲወጣልሽ ራሴ ተነሥቼ በግልጽ እጠይቃለሁ፣ ቢከፋኝም። በሐሰት ስንጥቅ ግን አላደርገውም። ካልሆንሽ ደግሞ «አይደለሁም» ብለሽ ብቻ አትተዪኝ፤ ቁልፍሽ የት እንዳለና ማን እንደሚያገኘው አብራሪልኝ። ታውቂኛለሽ፣ መልሱ ብቻ አይበቃኝም፤ አሠራሩንም ማየት እፈልጋለሁ።

ስልክ ያልደወልኩት ድምፅሽን ስሰማ ጥያቄዬን ስለምረሳው ነው። ከቅዳሜ በፊት እንዲደርሰኝ፣ እባክሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

ጋሼ የምትዪኝ ወንድምሽ