የጎደሉት አርባ አራት ደቂቃዎች

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዳይሬክተሩ ከሥልጠና ተመለሰ። ሦስት ቀን ሄዶ አንድ ቃል ይዞ መጣ፦ "ቨርቹዋል"። በጠዋቱ ስብሰባ ሰባት ጊዜ አለው። ቆጠርኩ።

"ሆስፒታላችን ከእንግዲህ ወደ ቨርቹዋል ይገባል።" የፋርማሲው ኃላፊ "ሕንፃው የት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም... የሰርቨሮቹ ባለሙያ እኔ ነኝ፤ ሥራው የማን እንደሆነ ገብቶኛላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ሰርቨር ተገዝቷል፤ ካርቶኑ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ መግቢያ ከልክሎኛል። በሆዱ ውስጥ አራት አምስት ትንንሽ ሰርቨሮች በሶፍትዌር ብቻ ይፈጠራሉ። ትልቁ አስተናጋጅ፣ ትንንሾቹ እንግዶች ይባላሉ። የመጀመሪያው እንግዳ የላቦራቶሪው ነው፤ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ላይ የሚሠራው፣ የበሽተኛ ውጤት ሁሉ የሚያልፍበት። አሮጌው የላቦራቶሪ ሰርቨር እያሳለ ነው። ከራሱ በሽተኞች በላይ ያስላል።

አንድ ሳምንት ተሰጠኝ። "አንቺ እያለሽማ ምን ችግር አለ" አለኝ ዳይሬክተሩ። ምስጋና አይደለም። ችግር ሲመጣ ማን ላይ እንደሚለጠፍ ከወዲሁ ማሳወቁ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

እንግዳው አልነሳም አለ። ጥቁር ስክሪን፣ አንድ መስመር ጽሑፍ፦ ዲስክ አላገኘሁም። ዲስኩ እኮ እዚያው ነው... ራሴ ነኝ የሰጠሁት።

ቤት ስገባ እማዬ "ዛሬስ ተነሳልሽ?" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት መስመር ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት፤ ማሽን ሁሉ ገመዱን ነቅለው ሲሰኩት የሚነሳ ይመስላታል።

"አልተነሳም እማዬ።"

"አጥፍተሽ አብርተሽዋል?"

አሥራ አምስት ዓመት በሙያው ቆይቼ ከእናቴ ይህን መስማት...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

አጥፍቼ አበራሁት። አልሠራም። (ለእማዬ አልነግራትም፣ መሞከሬን ታውቅብኛለች።)

ምክንያቱ ተገኘ። ከአሮጌው ማሽን የገለበጥኩት ሊኑክስ የሚያውቀው የአሮጌውን የዲስክ ዓይነት ነው። በአዲሱ ቤት የተሰጠው ዲስክ ሌላ ዓይነት ነው፤ ዲስኩን የሚያስነብበው ድራይቨር ደግሞ ሲነሳ ከሚጭናቸው ነገሮች ውስጥ የለም። ጨመርኩለት። ተነሳ።

ተነሳና ደግሞ ኔትወርክ የለውም። የኔትወርክ ካርዱ አዲስ ስም አውጥቶ ቁጭ ብሏል፤ አድራሻው ግን አሁንም በድሮው ስም ነው የተጻፈው። አንዱ ሲደፈን አንዱ ይቀደዳል። እስከ ከሰዓት ከርሱ ጋር ስነታረክ ዋልኩ። አሸነፍኩ። ማንም አላጨበጨበም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚያስተካክለው አገልግሎት በየደቂቃው "አላገኘሁም፣ አላገኘሁም" እያለ ስክሪኔን ሞላው። ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ገና አልተከፈተለትም። ሥራ አላሠራ ሲለኝ አጠፋሁት። ለጊዜው።

የላቦራቶሪዋ ኃላፊ መጣች። መነጽሯን በአፍንጫዋ ጫፍ አድርጋ ካርቶኑን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

"ይኼ ነገር ውጤቶቼን አይበላም?"

"አይበላም።"

"ማን ነው ያለው?"

"እኔ።"

"እሺ" ብላ ሄደች። እንዲህ ያለ "እሺ" ከስድብ ይከብዳል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ተዛወርን። ዛሬ ጠዋት ላቦራቶሪው በአዲሱ እንግዳ ላይ ሥራ ጀመረ፤ አሮጌው ጠፋ፣ ሳሉም ቆመ። ሌሊት ሌሊት የመጠባበቂያ ቅጂ እንዲወሰድ አዘዝኩ፦ እንግዳው ለአራት ደቂቃ ያህል እንዳለ ይቆማል፣ ይገለበጣል፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ማንም ሳያውቅ።

ዳይሬክተሩ ሰርቨሩ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። እጁን ያሳረፈው አየር ማቀዝቀዣው ላይ ነው። አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ኮሪደሩ ላይ "ፊውዝ" ቀስ እያለ አለፈ። ኤሌክትሪሺያናችን ነው፤ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ይመስለኛል። ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር ቀርቶታል። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ግድግዳውን በመዳፉ ይነካል፣ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው።

ሌላ ምንም የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የስኳር በሽተኛ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የሁለት ልጆች አባት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነርሷ በአልጋው አጠገብ በትንሿ መሣሪያ ለካችው፦ ስኳሩ ጣሪያ ነክቷል። ኢንሱሊን ተሰጠው። አራት ሰዓት ላይ ደሙ ላቦራቶሪ ወረደ፦ ስኳሩ በጣም ወርዷል። እስከዚህ ልክ ነው።

ግን የላቦራቶሪው ወረቀት የታተመበት ሰዓት ሦስት ከሩብ ይላል። ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ነገሩ ተገለበጠበት፦ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ነበር፣ አሁን ወደ ላይ እየወጣ ነው። ስለዚህ... ተጨማሪ ኢንሱሊን አዘዘ።

ነርሷ ሲሪንጁን ይዛ አልጋው ጋ ደረሰች። ሰውየው ሸሚዙ በላብ ርሶ ተጣብቋል። "ይኼ ሰው ስኳሩ የወጣ አይመስልም" ብላ ሲሪንጁን መለሰችው። እንደገና ለኩ። በመርፌው ፋንታ ግሉኮስ ገባለት።

ተርፏል። ከሰዓት በኋላ ሾርባው ጨው የለውም ብሎ ተቆጥቷል አሉ። በሕይወቴ እንደዚህ ደስ ያለኝ ቅሬታ የለም።

የሰርቨሩን ሰዓት አየሁት። አርባ አራት ደቂቃ ወደ ኋላ። በእጄ አስተካከልኩት።

ዳይሬክተሩ አሥር ሰዓት ላይ ጠራኝ። "ምክንያቱ ምንድነው? ዛሬ ሪፖርት እፈልጋለሁ።" ትናንት መብራት ጠፍቷል... ሰርቨሩ ተቋርጦ ይሆናል... ሰዓቱ ያኔ ተዛብቶ ይሆናል። ጻፍኩለት፦ "የትናንቱ የመብራት መቆራረጥ ሳይሆን አይቀርም።" ሳይሆን አይቀርም ነው ያልኩት። ልብ ይባል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

"ሳይሆን አይቀርም" ቅዳሜና እሑድን አልዘለቀችም። ዛሬ ዳይሬክተሩ በሰልፍ መልክ ሰብስቦን ደብዳቤ አነበበ፦ "ምክንያቱ በጄኔሬተር ክፍል የታየ ቸልተኝነት መሆኑ ተረጋግጧል።" ለፊውዝ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። የጄኔሬተሩን ክፍል ቁልፍ እዚያው በሰው ፊት ተቀበሉት። ሰውየው ቁልፉን ከቀለበቱ ሲያወጣ ጥፍሩ እምቢ አለው። ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው።

ቢሮ ገብቼ ሳልቀመጥ ስልክ ጮኸ። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ።

"ሰዓቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ ነው።"

"ምን?"

"አሥራ ሁለት። ከዓርብ ወዲህ መብራት ጠፍቷል እንዴ?"

"አልጠፋም።"

"ታዲያ?"

ሰዓቱን ስክሪኔ ላይ ከፈትኩ፤ እውነቷን ነው። ከዚያ "አስተካክይውና ደውዪልኝ" ብላ ዘጋች።

ከዓርብ ወዲህ ሦስት ሌሊት። ሦስት ጊዜ አራት፣ አሥራ ሁለት። ከጥቅምት 11 እስከ ዓርብ ጠዋት አሥራ አንድ ሌሊት። አሥራ አንድ ጊዜ አራት... የአንደኛ ክፍል ሂሳብ። ቅጂ ሲወሰድ እንግዳው ይቆማል፤ ሲቀጥል ሰዓቱም ካቆመበት ይቀጥላል። የሚያስተካክለው አገልግሎት ቢኖር በደቂቃ ያርመው ነበር። አገልግሎቱ ግን ጠፍቷል። ማን አጠፋው? አንዲት አሥራ አምስት ዓመት በሙያው የቆየች ባለሙያ። ለጊዜው።

መስመሩን አስከፈትኩ፣ አገልግሎቱን አበራሁት። ሁለት ትእዛዝ። ሰዓቱ ተስተካከለ። ለላቦራቶሪ ደወልኩ፦ "ተስተካክሏል።" "ምን ሆኖ ነው?" "እያየሁት ነው።"

አይቼ ጨርሻለሁ እኮ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ምንም አልተናገርኩም። ማንም አልጠየቀኝም። ሰርቨሩ በጣም ጥሩ እየሠራ ነው። ምን ያህል ጥሩ ሰዓት ነው... ሴኮንዱ እንኳ አይዛነፍ።

ራሴን ስሰማው፦ ማንም አልሞተም። ፊውዝ በአንድ ወር ጡረታ ይወጣል። እኔ ገና ሃያ ዓመት አለኝ። ደብዳቤውን የጻፈው ዳይሬክተሩ ነው፣ እኔ "ሳይሆን አይቀርም" ነው ያልኩት። ጠበቃ ብሆን ኖሮ ደህና እኖር ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ፊውዝ ቢሮዬ መጣ። ጠረጴዛዬ ሥር ያለው ሶኬት ከላላ ቆይቷል፣ ካመለከትኩ ሁለት ወር አልፎታል። ዛሬ መምጣት ነበረበት? ተንበርክኮ መፍታት ጀመረ። እኔ ስክሪን ላይ አፈጠጥኩ። ምንም አልተከፈተበትም።

ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ፣ ሳያየኝ፦

"ልጄ፣ ጄኔሬተሩ በዘጠኝ ሴኮንድ ነው የተነሳው። ጽፌዋለሁ። ያንቺ ማሽን ደግሞ የራሱ ባትሪ አለው፣ ሃያ ደቂቃ ይይዛል። እኔው ነኝ የገጠምኩት።"

"አውቃለሁ" አልኩ።

መፍቻው ቆመ። "ታውቂያለሽ?"

"...ባትሪ እንዳለው አውቃለሁ።"

እንደገና ማጥበቅ ጀመረ። ጨርሶ ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ሶኬቱን በመዳፉ ነካ። "ከእንግዲህ አይነቃነቅም" ብሎ ወጣ።

ማታ እራት ላይ እማዬን ጠየቅኋት። "ስልክ ቤት ሳለሽ መስመር ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?"

"በየቀኑ።"

"ምን ታደርጊ ነበር?"

"'ይቅርታ፣ አሳስቼዎታለሁ' ብዬ እነቅለዋለሁ። ዝም ካልሽ እኮ ሰዎቹ ያወራሉ። የማያውቁት ሰው ጋ የሆዳቸውን ያወራሉ።" ወጡን ጨለፈችና አየችኝ። "ማንን ከማን ጋር አገናኘሽ?"

ነገርኳት። ሁሉንም። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። "አህያውን ፈርታችሁ ዳውላውን መታችሁ" አለች ብቻ። አህያዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። በትክክል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ፣ ግማሽ ገጽ። "አገልግሎቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መልሼ ማብራት ረሳሁ። ኤሌክትሪሺያኑ ምንም ጥፋት የለበትም።" ሳይሆን አይቀርም የሚል አንድም ቦታ የለበትም፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ዳይሬክተሩ አነበበ። ዓይኑ የሚመረምረው ሪፖርቱን ሳይሆን እኔን ነበር።

"ይኼን ማን አየው?"

"እርስዎ።"

"እንግዲህ ተስተካክሏል አይደል? ደብዳቤው ወጥቷል። ሰውየው እየወጣ ነው። ምን ያደርግልሻል አሁን ይኼን መቆስቆስ?"

ይኸው፣ ማክሰኞ ለራሴ ያልኩትን ቃል በቃል። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እንዴት እንደሚሸት...

"ደብዳቤው የተነበበው በሰው ፊት ነው" አልኩ። "ይኼም በሰው ፊት ይነበብ።"

"የሚያነበው ማን ነው?"

"እኔ።"

"ማስጠንቀቂያው ወዳንቺ እንደሚዞር ታውቂያለሽ?"

"አድራሻውን አስተካክዬ አምጥቼልዎታለሁ።"

አልሳቀም። እኔም ለቀልድ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

አነበብኩት። ግማሽ ገጽ ነው፤ ኪሎ ሜትር መሰለኝ። ከኋላ የቆመችው ነርስ፣ ያቺ ሲሪንጁን የመለሰችው፣ እጇን አጣጥፋ እስከ መጨረሻ ዓይኔን እያየች ሰማችኝ።

ፊውዝ ቁልፉ ተመለሰለት። አጠገቡ ሄጄ "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩት። ቁልፉን ቀለበቱ ላይ መልሶ አስገባ።

"ረቡዕ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እህ" አለ። "ሚስቴ ለሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።" ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። ሄደ። ግድግዳውን ሲነካ አየሁት።

ይቅርታ ስለጠየቅሁ ይቅር እባላለሁ ብዬ ነበር እንዴ? ብዬ ነበር መሰለኝ።

ኅዳር 5

ማስጠንቀቂያዬ ማኅደሬ ውስጥ ገባ። ቀለሟ ሮዝ ናት። ሆስፒታሉ ለውርደትም የራሱ ቀለም አለው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሁለተኛው እንግዳ፣ የፋርማሲው፣ ዛሬ ተተከለ። ሥራ ከማስጀመሬ በፊት የላቦራቶሪዋን ኃላፊ ጠርቼ ያጠፋሁትንና ያበራሁትን አንድ በአንድ አስነበብኳት። "እኔ ስለዚህ ምን አውቃለሁ?" አለች። "አያውቁም፤ ግን ይጠይቃሉ" አልኳት። ጠየቀች። አሥራ አራት ጥያቄ። ስድስተኛው ላይ የረሳሁት ነገር ተገኘ።

ስምንት ሰዓት ላይ የፋርማሲው ማተሚያ ባዶ ወረቀት መትፋት ጀመረ። ዳይሬክተሩ ራሱ ቢሮዬ በር ላይ መጣ።

"ምክንያቱ ምንድነው?"

"አላወቅኩም።"

"ማለት?"

"ገና አላየሁትም። ሳይ እነግርዎታለሁ።"

"ለበላይ አካል አንድ ነገር ማለት አለብኝ እኮ። የኔትወርኩ ልጅ ኬብል ሲነካካ ነበር አሉ..."

"እሱንም አላወቅኩም።"

እዚያው ቆመ። የሪፖርት ቅጹን ከነእስክሪብቶው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። "ምክንያት" የሚለው ሳጥን ባዶውን ተገትሯል፤ ሁለት ቃል ብጽፍበት ሰውየው ይሄድልኛል፣ ምሳዬንም እበላለሁ። እስክሪብቶውን መለስኩለት። ተነሥቼ ወደ ፋርማሲ ወረድኩ።